ከጅማ ሜዳዎች እስከ ጥናት ጉባኤ፦ የስፖርት ሳይንስ ጥናት ለምትጀምሩ

በስፖርት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ጅማ ነው። ጥናቴ በከተማው የታዳጊ ፕሮጀክቶች ውስጥ በሚሰለጥኑ፣ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት በታች በሆኑ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ ነበር። የፕላዮሜትሪክ ልምምድ፣ ማለትም ተከታታይ የዝላይ ስልጠና፣ የልጆቹን የመዝለልና የመሮጥ አቅም ምን ያህል ይለውጣል የሚለውን ነው ያጠናሁት። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ክፍል ሴሚናሮችና በዓመታዊ የጥናት ጉባኤዎች ላይ አንዳንዴ አቅራቢ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ አድማጭና ጠያቂ ሆኜ እገኛለሁ። ከእኔ በኋላ የመጡ ተማሪዎች ፕሮፖዛላቸውን ይዘው ሲመጡ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ። አብዛኞቹ ስለ ስላይድ አዘገጃጀት ይጠይቁኛል። እኔ ግን ወሬውን ከቀን መቁጠሪያ እጀምራለሁ፤ አቅራቢውን መልስ የሚያሳጡት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ገና ሜዳ ሳይገባ ከተወሰኑ ነገሮች ነውና።

የጅማን ዓመት አስቡት። ዝናቡ መጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ጭቃ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ወረቀት ላይ ሲያቅድ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ወቅት ይመርጣል። ያ ወቅት ግን የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ቤተሰቦቻቸው ማና ወይም ጎማ ወረዳ ቡና ያላቸው ልጆች ለቀማው ሲደርስ ከከተማ ይጠፋሉ፤ አሰልጣኙም አይቆጣቸውም፣ መቆጣትም የለበትም። ጥር ላይ የትምህርት ቤት የመንፈቀ ዓመት ፈተና አለ። የካቲት ላይ ደግሞ ጾም ይገባል። በ2017ም በ2018ም ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ጥር እየገባ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ለጥናቱ ምኑ ነው የሚል ካለ፣ እንዲህ ነው። በአንድ የጅማ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ረመዳንን የሚጾሙና ዐቢይ ጾምን የሚጾሙ ልጆች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከስልጠናው በፊት የሚደረገውን ቅድመ ፈተና ከጾሙ በፊት፣ ከስልጠናው በኋላ የሚደረገውን ድህረ ፈተና በጾሙ መካከል ብታደርጉ፣ ውጤቱ ቢቀንስ ጾሙ ነው ወይስ ስልጠናው አልሠራም? ባይቀንስስ፣ ያለ ጾም የበለጠ ይጨምር ነበር ወይ? እነዚህን ሁለት ነገሮች ከመረጃው ላይ ለይቶ የሚያወጣ ስታቲስቲክስ የለም። መፍትሔው ሁለቱንም ፈተናዎች ከጾሙ ውጭ ማድረግ ነው። ካልተቻለ ደግሞ በሙከራው (በሚሠለጥነው) ቡድንም በቁጥጥሩ (ያለዚያ ስልጠና ለማወዳደሪያ በሚቆየው) ቡድንም የጾመኞች ቁጥር ተቀራራቢ እንዲሆን ማድረግና በመመዝገቢያው ወረቀት ላይ መጻፍ። በረመዳን ከሰዓት በኋላ፣ ከንጋት ጀምሮ ውኃ ያልቀመሰን ልጅ እስከ አቅሙ ጫፍ የሚያስሮጥ ፈተና ግን አታድርጉ። ለዲግሪ ተብሎ የልጅ ጤና አይነካም።

እኔ ከአሰልጣኞቹ ጋር ቁጭ ብዬ ቀኑን ሳሰላ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት የተመዝጋቢ ቁጥር ጉዳይ ነበር። ልጆች ይቀራሉ። ይታመማሉ፣ ቤተሰብ ይዟቸው ይሄዳል፣ ቁርጭምጭሚታቸው ይዞራል። በየቡድኑ 15 ልጅ ያስፈልጋል ብላችሁ ካሰላችሁ 19 መዝግቡ። የስልጠናውም ርዝመት ከወቅቱ ጋር ይመዘን። ለጀማሪ ታዳጊዎች የሚመከረው የፕላዮሜትሪክ ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ዕረፍት ያለው፣ በአንድ ልምምድ ከ80 እስከ 100 የእግር ንክኪ (እግር ከዝላይ በኋላ መሬት የሚነካበት ብዛት) የማያልፍ ነው። ይህን ለ8 ሳምንት ለማስኬድ በወረቀት ላይ 8 ሳምንት ብቻ መያዝ አይበቃም፤ ዝናብ፣ የገና በዓል፣ ጥምቀትና የቡድኑ ግጥሚያዎች የሚወስዱት ቀን ይታሰብበት።

አሁን ወደ መለኪያው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነውና።

የኩፐርን የ12 ደቂቃ ሩጫ የማይጠቀም የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ጥቂት ነው። ኬኔት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ቀመር ቀላል ነው፦ የተሮጠው ርቀት በሜትር፣ ከእሱ 504.9 ሲቀነስ፣ የቀረው ለ44.73 ሲካፈል ከፍተኛውን የኦክስጅን አጠቃቀም ይገምታል። 2,600 ሜትር የሮጠ ልጅ 46.8 ሚሊ ሊትር በኪሎ ግራም በደቂቃ ያገኛል። አሁን ጥያቄው ያ 2,600 ሜትር ከየት መጣ ነው። ደረጃውን የጠበቀ የመሮጫ መም አንድ ዙሩ 400 ሜትር ነው፣ ስለዚህ ልጁ ስድስት ዙር ተኩል ሮጧል ማለት ነው። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምንፈትነው በእግር ኳስ ሜዳ መስመር ዙሪያ ነው። ሜዳው 105 በ68 ሜትር ከሆነ ዙሪያው 346 ሜትር ነው። ስድስት ዙር ተኩል እንግዲህ 2,249 ሜትር ይሆናል፣ ውጤቱም 39.0 ላይ ይወርዳል። አንድ ልጅ፣ አንድ ሩጫ፣ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ የአካል ብቃት ደረጃዎች! የትምህርት ቤትና የቀበሌ ሜዳዎች ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ሙሉ ሬክታንግል አይደሉም። ሜትር ግዙ፣ ወይም ከግንባታ ባለሙያ ተዋሱ፣ ዙሪያውን ሁለት ሰው ሆናችሁ ለኩ፣ በየ50 ሜትሩ ኮን አስቀምጡ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ልጁ ባለበት ቆሞ ከቅርቡ ኮን ያለው ርቀት ይለካ። ጉባኤ ላይ “ሜዳው ስንት ሜትር ነበር?” ተብሎ ሲጠየቅ ቁጥሩን ወዲያው የሚናገር አቅራቢ ከዚያ በኋላ በሙሉ ልብ ይደመጣል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

የ20 ሜትር ምልልስ ፈተና (በሁለት መስመሮች መካከል የድምፅ ምልክት እየተከተሉ መመላለስ) የምትጠቀሙ ከሆነ ሩጫው በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው 0.5 ይጨምራል። ድምፁን ከስልክ በስፒከር ስታጫውቱ በቅድሚያ በሰዓት አረጋግጡት፤ ከሰው ወደ ሰው ሲላላክ የፍጥነቱ ልክ የተዛባ ፋይል ያጋጥማል።

የ30 ሜትር ፈጣን ሩጫ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ያነሰ ቁጥር ይሰጣል፤ በአጭር ርቀት የሩጫ ውድድር ለማስተካከያ የሚጨመረው 0.24 ሰከንድ መሆኑን ታውቃላችሁ። በስልጠና የምንጠብቀው ለውጥ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ማለት በቅድመ ፈተናው አንዱ ጓደኛችሁ፣ በድህረ ፈተናው ሌላው ሰዓት ቢይዝ፣ የለካችሁት የሁለት ጓደኞቻችሁን አውራ ጣት ነው። ያው ሰው፣ ያው ሰዓት፣ ያው የቀን ጊዜ፣ ያው ሜዳ፣ ልጁም ያው ጫማ። ከተቻለ ሦስት ሰው ይያዝና መካከለኛው ቁጥር ይወሰድ። ትናንት ማታ ዘንቦ ሳሩ ከራሰ ፈተናውን ወደ ሌላ ቀን አሻግሩት።

ለዝላይ እኔ የተጠቀምኩት የሳርጀንትን ፈተና ነው፤ የትምህርት ቤት ግድግዳ፣ ጠመኔና ሜትር ይበቃዋል። ልጁ ቆሞ የሚነካውን ቁመት ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ ዘሎ የሚነካውን፣ ልዩነቱ ዝላዩ ነው። ከቀላልነቱ ጋር ግን አንድ ጉድ አለው። ልጆች ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት እጃቸውን እንዴት እንደሚያወናጭፉ አያውቁም። በሁለተኛው ጊዜ ያለ አንዳች ስልጠና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምራሉ፣ ፈተናውን ስለለመዱት ብቻ። ስለዚህ ከእውነተኛው ቅድመ ፈተና በፊት በሌላ ቀን የማለማመጃ ፈተና አድርጉላቸው፣ ውጤቱንም አትመዝግቡት።

ቡናን ሳላነሳ አላልፍም፤ ጅማ ላይ ሆኖ ቡናን የማይመዘግብ የአካል ብቃት ጥናት ያስገርመኛል። ካፌይን የጽናት ሩጫን እንደሚያሻሽል በሚገባ የተረጋገጠ ነው፤ ብዙ ጥናቶች የሚጠቀሙት መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ነው። ከሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጠዋት ቁርስ ላይ ሁለት ሲኒ የጠጣ ልጅ ከእናንተ ፊት ሲቆም ያ ቡና ገና ደሙ ውስጥ ነው። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ካፌይንን እ.ኤ.አ. በ2004 ከተከለከሉት ዝርዝር ስላወጣው የሥነ ምግባር ጥያቄ አይደለም፤ የመለኪያ ጥያቄ ነው። ከፈተናው ቀን በፊት ለልጆቹና ለወላጆቻቸው ንገሩ፣ በዕለቱም ጠይቁና መዝግቡ። ጫትንም እንዲሁ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በውስጡ ያለው ካቲን ደግሞ በውድድር ወቅት በሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ካለፈ የተከለከለ ነው። ትልልቅ ተጫዋቾችን ስታጠኑ ጠይቁ፣ ግን ብቻቸውን አድርጋችሁ፣ አሰልጣኙ በሌለበት፣ የወቀሳ ፊት ሳታሳዩ። ልጁ እንደምትፈርዱበት ከጠረጠረ የሚሰጣችሁ መልስ ለጥናት አይሆንም።

የፈቃድ ወረቀቱን ነገር ብዙዎች እንደ ቢሮ ጣጣ ያዩታል። ከኮሌጁ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከስፖርት ጽሕፈት ቤት ማኅተም፣ ከዚያ ወደ ሜዳ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግን ወላጁም ይፈቅዳል፣ ራሱም ይስማማል፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1964 በሄልሲንኪ የወጣውን መግለጫ ይከተላል ስንል፣ ትርጉሙ ቆጪ ሰፈር ያለች እናት በምትሰማው ቋንቋ ነገሩ ተነግሯት እምቢ ማለት እንደምትችል ማወቋ ነው። ቅጹን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አዘጋጁ፣ አንብባችሁም አስረዱ።

በጅማ ይህ ከሌላው ቦታ የበለጠ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የከተማው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን አንሥቷል፤ ያንን ያዩ ወላጆች የልጃቸውን ኳስ በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት። ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ ሰዓትና ሜትር የያዘ ሰው ቤታቸው ሲመጣ ምርጫ ይመስላቸዋል። አንዲት እናት ወረቀቱን ፈርመው ከጨረሱ በኋላ፣ “እንግዲህ ልጄ፣ አደራ፣ ክለቡ እንዲያየው አድርግልኝ” አሉኝ። ቁጭ ብዬ እንደገና አስረዳኋቸው፦ “እማማ፣ ይሄ ጥናት ነው፣ ለክለብ አያስመርጥም፤ ቢቀርም ልጁ ከቡድኑ አይወጣም።” ዝም ብለው ቆዩና “ይሁን፣ ይሳተፍ” አሉ። ያ ሁለተኛው ፈቃድ ነው ፈቃዱ። በቅጹ ላይ “ተሳትፎው ከክለብ ምርጫ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም” የሚል ዓረፍተ ነገር ከላይ፣ በትልቁ አስገቡ።

የቁጥጥር ቡድን ነገር አሰልጣኞችን ያስከፋል። “ግማሾቹን አሠልጥነህ ግማሾቹን ልትተው ነው?” ይላሉ፣ ተገቢም ጥያቄ ነው። ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ ቡድኖቹን ከተለያዩ ፕሮጀክቶች ውሰዱ፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ግማሹ ሲዘል ሌላው ያያል፣ ሰፈር ሲደርስ ይሞክረዋል። ሁለተኛ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ያንኑ ስልጠና ለቁጥጥሩ ቡድን እንደምትሰጡ ቃል ግቡና ፈጽሙት። የመመረቂያ ጽሑፉ ዲፌንስ አልቆ ድካሙ ሲመጣ ይህን መተው ቀላል ነው። አትተዉት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ በዚያው ሜዳ ላይ በእናንተ ስም ነው የሚመዘነው።

ትንተናው ላይ ስትደርሱ ደግሞ በጉባኤዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ለምሳሌ የሠለጠነው ቡድን በአማካይ 4 ሴንቲ ሜትር፣ የቁጥጥሩ ቡድን 3 ሴንቲ ሜትር ጨመሩ እንበል። ተማሪው ለየቡድኑ ለብቻ ቲ ፈተና፣ ማለትም አማካዮችን የሚያወዳድር ስሌት፣ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ፒ (ምንም ለውጥ ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል፤ ከ0.05 ካነሰ ብዙ ጊዜ “ጉልህ” ይባላል) 0.03፣ የሁለተኛው 0.07 ይወጣለታል። “የሙከራው ቡድን ጉልህ ለውጥ አሳይቷል፣ የቁጥጥሩ አላሳየም፣ ስልጠናው ውጤታማ ነው” ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያንን ማንም አልፈተነውም። መፈተን ያለበት የለውጡ ልዩነት ነው፦ የእያንዳንዱን ልጅ ለውጥ አስልቶ ሁለቱን ቡድኖች ማወዳደር፣ ወይም የቅድመ ፈተናውን ውጤት ያስገባ አንኮቫ (የመነሻ ልዩነትን አስተካክሎ ቡድኖችን የሚያወዳድር ትንተና) መሥራት። ታዳጊዎች በሁለት ሦስት ወር ቁመት ይጨምራሉ፣ በመደበኛ ልምምድም ይሻሻላሉ፣ ፈተናውንም ይለምዳሉ፤ የቁጥጥሩ ቡድን የሚያስፈልገው ይህን ሁሉ ለመቀነስ ነው። ከፒ ጋር የለውጡን መጠንም አስቀምጡ። ልዩነቱን ከውጤቶቹ መበታተን ጋር በሚያነጻጽረው የኮኸን መለኪያ 0.2 ትንሽ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ትልቅ ይባላል። ውጤቱ “ለውጥ የለም” ቢሆንም አቅርቡት፤ በጥንቃቄ የተለካ “ለውጥ የለም” ለአሰልጣኝ ጊዜ ያተርፍለታል።

ጉባኤው ራሱ እንግዲህ አጭር ነገር ነው። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጣችኋል። ግማሹን ለአሠራራችሁ መድቡት። መግቢያው ላይ ስለ ስፖርት ጥቅም የሚያወራ ስላይድ አያስፈልግም፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ያውቀዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው በመሆኑ የጤና ጥናት ሥር የሰደደበት ከተማ ላይ ናችሁ፤ በስፖርት መድረክ ላይም የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ተነሥቶ ስለ ናሙና አወሳሰድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የከፍታው ጥያቄም አይቀርም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የልጆቹን ውጤት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከተሠራ የውጭ መመዘኛ ሠንጠረዥ ጋር ስታወዳድሩ ይህን ተናገሩ። “ሴት ልጆች ለምን የሉም?” ለሚለው ደግሞ “ማግኘት አስቸጋሪ ነው” የሚለው መልስ አይበቃኝም። ሴት ተጫዋቾች አሉ፣ አሰልጣኞቻቸውም ጥናት ይፈልጋሉ፤ እስካሁን የለካናቸው ጥቂት በመሆናቸው ለእነሱ የምንሰጠው ምክር ሁሉ ከወንዶች የተቀዳ ነው። አዲስ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ እዚያ ሂዱ።

ፖስተር ከሆነ በዋዜማው አታሳትሙት፤ መብራት ይጠፋል። አማርኛ ጽሑፍ ካለበት ፋይሉን በፒዲኤፍ ስጡ፣ አለዚያ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

ከሁሉ የምወደው ግን አሰልጣኞች የተጋበዙበት መድረክ ነው። አንድ ጊዜ ሁላችን ስለ ፒ ስንከራከር ቆይተን፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አንጋፋ አሰልጣኝ እጃቸውን አወጡ። “ልጆቼ፣ ደከማችሁ፣ ተባረኩ። እኔ ማክሰኞ ልምምድ አለኝ። ምን ላሠራቸው?” አሉ። መድረኩ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ ሳላዘጋጅ አልሄድም፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። የትኞቹ ዝላዮች፣ በአንድ ልምምድ ስንት ንክኪ፣ በስንት ቀን ልዩነት፣ በሳር ላይ እንጂ በሲሚንቶ ላይ እንዳይሆን፣ ጉልበቱን ወይም ተረከዙን የሚያመው ልጅ እንዲያርፍ። ቁጥር ቢበዛ ሁለት። ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ የራሱን ውጤት በቁራጭ ወረቀት ለብቻው እሰጠዋለሁ፤ በደረጃ ተርታ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ መጨረሻ የወጣው ልጅ በማግሥቱ ልምምድ ይቀራልና።

እኚያው አሰልጣኝ ገጹን አንብበው ሲጨርሱ፣ “ይሄ ለአጥቂና ለተከላካይ ነው። ለበረኛዬስ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን አንዲት ተማሪ በዚያ ጥያቄ ላይ ፕሮፖዛል እየጻፈች ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለት በረኛ ቢገኝ ነው፤ ስለዚህ የከተማው ቡድኖች ብቻ አይበቋትም፣ አጋሮ፣ ሰቃና ሰርቦ ድረስ መሄድ ይኖርባታል። በእነዚያ ከተሞች ታዳጊዎችን የምታሰለጥኑ ካላችሁና ደብዳቤ ይዛ ከመጣች፣ የልምምድ ሰዓታችሁንና የበረኞቻችሁን ዕድሜ አስቀድማችሁ ንገሯት።